የአንባቢ ጥያቄ፦ ፍሬኑን የያዘው ማነው?

የዚህ ወር የጥያቄ ሳጥን ባዝራ በባዝራ ሆኗል። የመጡትን አንድ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው፣ ኤስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ቴስቶስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች ባዝራዋ ላይ ምን ያደርጋሉ፣ መቼስ ነው የሚሰሩት መቼስ ነው ገንዘብ መድፋት የሚሆነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ ምክንያቱም እሱ ከገባችሁ ሌሎቹ ይቀላሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንደምን ነዎት። ባዝራዬ ድፍን ሦስት ሳምንት ሆናት ድንጉላ ባየች ቁጥር ጭራዋን አንስታ ትቆማለች፣ ሽንቷን ትረጫለች፣ ሁለት ቀን እየዘለልን አሰረርናት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። በአልትራሳውንድ ያያት ልጅ መጀመሪያ 38 ሚሊሜትር ፎሊክል (እንቁላሉን የያዘው ውሃ ያለበት ከረጢት) አላት ዛሬ ነገ እንቁላሉን ትለቃለች አለን፣ በሳምንቱ ስናይ ያ ፎሊክል ሟሙቶ በሌላው በኩል አዲስ ጀምሯል። አሁን አንዱ ኤስትሮጅን ትወጋ ይላል ሌላው የለም ፕሮጄስትሮን ነው ይላል፣ ሁለቱ ተቃራኒ አይደሉም እንዴ? ቀኑ ገና መርዘም እየጀመረ ነው፣ እሱ ለውጥ አለው?

መልስ፦ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት ዋናዋ፣ ቀኑ ገና መርዘም እየጀመረ ነው ያሏት። እሷን ባይጽፉልኝ ኖሮ እኔም እንደ ሌሎቹ ግምት እሰጥዎት ነበር።

እስቲ ሰንሰለቱን ከላይ እንጀምረው። ከአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፣ እሷ ጂኤንአርኤች የሚባል ሆርሞን ትለቃለች፣ ያለማቋረጥ ሳይሆን እያረፈች ጠብ ጠብ እያደረገች። ከሥሯ የተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ያንን ስትቀበል ሁለት ሆርሞን ወደ ደም ትልካለች፣ ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች። ኤፍኤስኤች ፎሊክሉን ያሳድጋል፣ ኤልኤች ደግሞ ያደገውን ያበስልና እንቁላሉን ያስለቅቃል። ፎሊክሉ ሲያድግ ኤስትሮጅን ያመርታል፣ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚቀረው ኮርፐስ ሉቲየም ፕሮጄስትሮን ያመርታል፣ እነዚህ ሁለቱ በደም ተመልሰው ላይኛውን ክፍል ጨምር ወይ ቀንስ ይሉታል። በቃ ጨዋታው ይሄ ነው። የሚወጉት መርፌ ሁሉ እዚህ ዙር ውስጥ የሆነ ቦታ ገብቶ ጣልቃ የሚገባ ነው፣ የት እንደሚገባ ሳያውቁ መውጋት ግን ጨለማ ውስጥ ድንጋይ እንደመወርወር ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ባዝራ። ባዝራ ቀን ሲረዝም የምትራባ እንስሳ ናት። ሌሊቱ ሲረዝም አንጎል ውስጥ ሜላቶኒን ለረጅም ሰዓት ይፈሳል፣ ያ ጂኤንአርኤችን ያደርቀዋል፣ ጂኤንአርኤች ሲደርቅ ፒቱታሪ ውስጥ ያለው የኤልኤች ክምችት ይሟጠጣል። ቀኑ መርዘም ሲጀምር ጂኤንአርኤች ይመለሳል፣ ኤፍኤስኤችም ቶሎ ይነሳል፣ ስለዚህ ፎሊክሎች ማደግ ይጀምራሉ፣ ኤልኤች ግን ጎተራው ባዶ ስለሆነ እስኪሞላ ሳምንታት ይወስዳል። እና ምን ይሆናል፣ ፎሊክሉ 30፣ 35፣ እንደ እርስዎ 38 ይደርስና የሚያስለቅቀው ሲያጣ ይሟሟል፣ ሌላው ይተካል፣ እሱም ይሟሟል። ባዝራዋ በዚህ ሁሉ ጊዜ ድንጉላ ትፈልጋለች፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት። የሽግግር ጊዜ የምንለው ይሄን ነው። በሽታ አይደለም፣ መካንነትም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኤልኤች መጥፋት ከኦቫሪ (ፎሊክሎቹ ከሚያድጉበት ቦታ) የሚመጣ የስቴሮይድ፣ ማለትም የእነ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ጉዳይ ይመስለዋል፣ ኤስትሮጅን ስለጎደላት ነው ይላል። ግን ኦቫሪያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ባዝራዎች ደም ዓመቱን ሙሉ ሲለካ ኤልኤች ቀን በሚረዝምበት ወቅት ከፍ ይላል፣ ቀን በሚያጥርበት ወቅት ይወርዳል። ኦቫሪ የለም፣ ስቴሮይዱ የለም፣ ወቅቱ ግን አለ። ስለዚህ ዋናው ቁልፍ ብርሃኑ ጋ ነው፣ ስቴሮይዶቹ ከዚያ በኋላ ነው ሥራቸውን የሚሰሩት።

ኤስትሮጅን ትወጋ ያሉዎት ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም እኮ፣ ኤስትሮጅን ፒቱታሪ ውስጥ ኤልኤች እንዲሰራ ያግዛል፣ የሽግግሩ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ፎሊክል በደንብ ኤስትሮጅን ማምረት ሲጀምር ነው የኤልኤች ጎተራ ቶሎ ቶሎ የሚሞላው። ችግሩ ከውጭ የሚወጋው ኤስትሮጅን ኤፍኤስኤችንም ይጫነዋል፣ ባዝራዋ ደግሞ ይብሳት እንጂ አይሻላትም፣ ድንጉላ ፍለጋው ይጨምራል እንቁላሉ ግን አይወጣም። እርስዎ ደግሞ የፈለጉት ጭራ ማንሳት አይደለም፣ እሱማ ሞልቷል።

ፕሮጄስትሮን ያሉት ግን ወደ ነገሩ ቀርበዋል። ፕሮጄስትሮን ለኤልኤች ፍሬን ነው። ከላይ የሚመጣውን የጂኤንአርኤች ምት ያዘገየዋል፣ ኤልኤች ሳይፈስ ፒቱታሪ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ፍሬኑን በአንዴ ሲለቁት ወደ ደም ይወጣል። በአፍ የሚሰጠው አልትሬኖጀስት የሚባለው መድኃኒት ሥራው ይሄ ነው፣ በኪሎ 0.044 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ15 ቀን ይሰጣል፣ ሲቆም ከ4 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ባዝራዋ ትክክለኛውን ድራት (ድንጉላ የምትቀበልበትን ጊዜ) ታሳያለች፣ እንቁላሉም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ይወጣል። ይሄ የሚሰራው ግን ሽግግሩ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ነው። ፎሊክሎቿ እዚህ ግቡ የማይባሉ ሆነው ኦቫሪዋ እንደ ጠጠር በደረቀበት ጊዜ ቢሰጧት ፍሬን የሚይዙት የቆመ መኪና ላይ ነው፣ ሲለቁት የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የእርስዎ ግን 38 አድርሳለች፣ ስለዚህ ጊዜው ጥሩ ይመስለኛል፣ ያየዎት ሐኪም ይወስን።

ተቃራኒ አይደሉም ወይ ላሉት፣ አይደሉም፣ እንዲያውም አብረው የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ፕሮጄስትሮን ብቻውን ኤልኤችን እንጂ ኤፍኤስኤችን በደንብ አይዝም፣ ስለዚህ አልትሬኖጀስት ላይ ያለች ባዝራ ውስጥ ውስጡን ፎሊክል እያሳደገች ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ ሲቆም አንዷ በ5 ቀን ሌላዋ በ12 ቀን የምትለቀው ለዚህ ነው። ኤስትሮጅን ሲጨመርበት ኤፍኤስኤችም ይያዛል፣ ፎሊክሎቹ በሙሉ ተመልሰው ትንሽ ይሆናሉ፣ ሁሉም ከአንድ መስመር ይነሳሉ። 150 ሚሊግራም ፕሮጄስትሮን ከ10 ሚሊግራም ኤስትራዳዮል (የኤስትሮጅን ዓይነት ነው) ጋር በየቀኑ ለ10 ቀን ተወግቶ በመጨረሻው ቀን ኮርፐስ ሉቲየምን የሚያጠፋው ፕሮስታግላንዲን የሚሰጠው በዚህ ሐሳብ ነው፣ እንቁላሉ የሚወጣበትን ቀን ጠበብ አድርጎ ለማወቅ ከአልትሬኖጀስት ብቻው በጣም ይሻላል። አንዱ ኤልኤችን ይይዛል ሌላው ኤፍኤስኤችን፣ ሥራ ተከፋፍለዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሌላው ልለፍ። ለአልትራሳውንዱ ልጅ የፎሊክሉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ማህፀኗን እንዲያሳይዎት ይንገሩት። እንቁላል ልትለቅ የተዘጋጀች ባዝራ ማህፀን ስክሪኑ ላይ መሃሉን እንደተቆረጠ ብርቱካን ይታያል፣ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ መስመር መስመር ያለው። ያ ውሃ የቋጠረ የማህፀን እጥፋት ነው፣ የሚሰራው ኤስትሮጅን ነው፣ ግን ፕሮጄስትሮን በሌለበት ብቻ። ፎሊክሉ 38 ሆኖ ማህፀኑ ለስላሳ ግራጫ ከሆነ ፎሊክሉ ትልቅ ነው እንጂ ብቁ አይደለም፣ ኤስትሮጅን በአግባቡ እያመረተ አይደለም። እኔ ተማሪ እያለሁ እንደዚህ አይነቷን ባዝራ አግኝቼ 38 ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ኤችሲጂ ወጋኋት፣ ኤችሲጂ እንደ ኤልኤች የሚሰራ መርፌ ነው፣ ድራቷ በትክክል የደረሰን ባዝራ በ36 ሰዓት አካባቢ እንቁላል ያስለቅቃል፣ እና በሁለተኛው ቀን በኩራት ልፈትሽ ስሄድ ፎሊክሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፣ በአራተኛው ቀንም። አስተማሪዬ ምንም አላለኝም፣ ማህፀኑን አይተኸዋል ብቻ ነው ያለኝ። አላየሁትም ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ከፈለጉ ደግሞ በብርሃን ይጀምሩ። የተፈጥሮ ብርሃኑንና መብራቱን ጨምሮ 16 ሰዓት ብርሃን 8 ሰዓት ጨለማ፣ መራቢያ ብለው ካሰቡበት ቀን ከ60 እስከ 70 ቀን ቀደም ብሎ። ጋጣው ውስጥ ቆመው ጋዜጣ ማንበብ ከቻሉ መብራቱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ዶክ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ላም ላይ ስንማር ኤልኤች ድንገት ወደ ላይ ተተኩሶ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ እንቁላሉ ይወጣል። የባዝራ ግራፍ ሳይ ግን ኤልኤች ቀስ እያለ ለቀናት ይወጣና ጫፍ የሚደርሰው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው። የህትመት ስህተት ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

መልስ፦ ግራፉ ትክክል ነው ወንድሜ፣ የተበላሸው ባዝራን በላም ዓይን ማየትህ ነው፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው።

ላም ላይ ኤስትሮጅን ከፍ ሲል አንጎልን ይገፋል፣ የሆነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ኤልኤች በአንዴ ይፈነዳል፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ ያልቃል። ባዝራ ላይ እንደዚያ ያለ ፍንዳታ የለም። ባዝራ ላይ ዋናው ክስተት የፕሮጄስትሮን መውረድ ነው። ዑደቷ ከ21 እስከ 22 ቀን ነው፣ ከዚያ ውስጥ 14 እና 15 ቀኑን ፕሮጄስትሮን ይገዛዋል፣ በዚያ ጊዜ ኤልኤች መሬት ላይ ነው። ኮርፐስ ሉቲየሙ ሲሞት ፍሬኑ ይለቃል፣ የጂኤንአርኤች ምት ይፈጥናል፣ ኤልኤች ይነሳል፣ የሚያስቆመው ስለሌለ ደግሞ መውጣቱን ይቀጥላል። እንቁላሉ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ኤልኤች ግን ገና እየወጣ ነው፣ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ አዲሱ ኮርፐስ ሉቲየም ፕሮጄስትሮን አምርቶ ፍሬኑን መልሶ ሲይዝ ነው ጫፍ ደርሶ ቁልቁል የሚጀምረው። ኤስትሮጅን እዚህ ውስጥ የለበትም ማለቴ አይደለም፣ ኤልኤች እንዲመረትና ፒቱታሪ ለጂኤንአርኤች ምላሿ ከፍ እንዲል ያደርጋል፣ ግን ነዳጅ እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የባዝራ ኤልኤች ራሱ ነው። ከአንዱ ክፍሉ ጫፍ ላይ ትርፍ ጭራ አለው፣ ጭራው ላይ ደግሞ ስኳር ተለጣጥፎበታል፣ ያ ስኳር ከደም ቶሎ እንዳይወገድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መፍሰሱ ቢቀንስም የወጣው ብዙ ሰዓት ይንሳፈፋል፣ ግራፉ ሾጣጣ ሳይሆን ጉብታ የሚሆነው አንድም ለዚህ ነው።

ምቱን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ፈረስ ላይ ይሄን በቀጥታ ማየት የተቻለበት መንገድ በጣም ነው የሚገርመኝ። በሌላ እንስሳ ከፒቱታሪ የሚወጣውን ደም ለመቅዳት የራስ ቅል መክፈት ወይም ከባድ ኦፕሬሽን ይፈልጋል። ፈረስ ላይ ግን የፒቱታሪ ደም የሚፈስበት ጉድጓድ ከፊት ላይ ካለው የደም ሥር ጋር ይገናኛል፣ ኒውዚላንድ የነበሩት ኢርቪን እና አሌክሳንደር በ1987 ባሳተሙት ሥራ ቀጭን ቱቦ በፊቷ ደም ሥር አስገብተው እዚያ ድረስ አደረሱት፣ ባዝራዋ ነቅታ ቆማ እየበላች ደሟን በየደቂቃው መቅዳት ይቻላል። በዚህ ዘዴ ነው ምቱ በድራት ጊዜ በሰዓት ሁለት ገደማ፣ ፕሮጄስትሮን በሚገዛበት ጊዜ ደግሞ በቀን ሁለት ገደማ መሆኑ የታየው። በሰዓት ሁለትና በቀን ሁለት፣ የፕሮጄስትሮን ፍሬን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም።

ፈጣን ምት ኤልኤችን ይጠቅማል፣ ዝግተኛ ምት ደግሞ ኤፍኤስኤችን፣ ስለዚህ ፕሮጄስትሮን ከፍ ባለበት መሃል ኤፍኤስኤች ከፍ ሲል ብታይ አትደንግጥ። ኤፍኤስኤችን የሚይዙት ከፎሊክሉ የሚወጡት ኢንሂቢን እና ኤስትሮጅን ናቸው። አንዳንድ ባዝራ በዚህ ጊዜ ትልቅ ፎሊክል ታሳድግና ፕሮጄስትሮኗ ከፍ እንዳለ እንቁላል ትለቃለች፣ ድራት ሳታሳይ፣ ላም ይሄን አታደርገውም። ፈተና ላይ ከመጣ ደግሞ ጂኤንአርኤች የሚለቁት ሴሎች ራሳቸው ዋናውን የኤስትሮጅን ተቀባይ አልያዙም፣ ወሬውን የሚነግሯቸው ኪስፔፕቲን የሚለቁ ጎረቤት ሴሎች ናቸው። ይቺን ጻፍና ነጥብህን ውሰድ።

ጥያቄ፦ ኦቫሪዎቿ በኦፕሬሽን የወጡላት ባዝራ ገዛሁ፣ ድራት ሰልችቶን ነው ያስወጣነው አሉኝ። እኔ ጋ ስትመጣ ድንጉላ ስታይ ቁጭ! ጭራ ታነሳለች። አታለሉኝ ወይስ አንዱ ኦቫሪ ቀርቷል?

መልስ፦ አላታለሉዎትም፣ ይሄ ባዝራ ላይ የታወቀ ነው። የሌሎች እንስሳት ሴት ድራት ለማሳየት ኤስትሮጅን ያስፈልጋታል፣ ባዝራ ግን ከኤስትሮጅን መኖር ይልቅ የፕሮጄስትሮን አለመኖር ነው የሚወስንላት። ኦቫሪ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን የሚያመርት ኮርፐስ ሉቲየም አብሮ ይሄዳል፣ ፍሬን የለም፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ የሚያመርታት ጥቂት ስቴሮይድ ትበቃታለች። አድሬናሉን ዴክሳሜታሶን በሚባል መድኃኒት ሲያዳፍኑት ድራቱ እንደሚጠፋ በሙከራ ታይቷል። እንዲያውም የድንጉላ ዘር በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ሆን ብለው ኦቫሪ የሌላትን ባዝራ ይጠቀማሉ፣ ሁሌም ፈቃደኛ ናት፣ ካልሆነች ትንሽ ኤስትሮጅን ይሰጧታል። ድራቱ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ፕሮጄስትሮኑን ከውጭ መመለስ ነው፣ ማለትም አልትሬኖጀስት። ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባለውን የሰው የወሊድ መከላከያ መርፌ ይሰራል የሚል ሰው አያጣዎትም፣ ባዝራ ላይ ተሞክሮ ድራቱንም ፎሊክሉንም አልያዘም፣ ገንዘብዎን አያውጡ።

ጥያቄ፦ ዶክተር እኔ ጋጣ ውስጥ ነው የምሰራው፣ በየጠዋቱ አልትሬኖጀስት በሲሪንጅ አፋቸው ውስጥ የምጨምረው እኔ ነኝ። ከጀመርኩ ወዲህ የወር አበባዬ ተዛብቷል። ግንኙነት አለው ወይስ አጋጣሚ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አለው ብለሽ ተነሺ። ያ ዘይት በቆዳ ውስጥ ያልፋል፣ ለባዝራዋ የሚያደርገውን ለአንቺም ያደርጋል፣ አንጎልሽ የፈረስ ይሁን የሰው መድኃኒት ብሎ አይለይም። ከዛሬ ጀምሮ በባዶ እጅ እንዳትነኪው፣ ፈሳሽ የማያሳልፍ ጓንት አድርጊ፣ ተራ የላቴክስ ጓንት ያሳልፈዋል፣ ቪኒል ወይም ናይትራይል ነው የሚያስፈልግሽ። ከነካሽ ወዲያው በሳሙና ታጠቢ፣ የሲሪንጁን ጫፍ በጥርስሽ እንዳትከፍቺ፣ ሲያደርጉ ስለማይ ነው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልሆን እችላለሁ ብለሽ ከጠረጠርሽ ግን ጓንትም ይቅር፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጪ። የደም መርጋት ኖሯት የሚያውቅ፣ የጡት ካንሰር ያለባት ሴትም እንደዚያው። ለአሠሪሽ ይሄን ገጽ አሳዪው፣ ለሐኪምሽ ደግሞ የመድኃኒቱን ስም ንገሪ፣ ሐኪሙ ፈረስ ጋ እንደምትሰሪ በራሱ ሊያውቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ የሩጫ ባዝራ ነበረች፣ ጡረታ ወጥታ ለርቢ ገዛናት። ሌሎች ባዝራዎች ላይ ልትሰርር ትሞክራለች፣ አንገቷ ወፈር ብሏል፣ ድራት የሚባል የለም። ጓደኛዬ ቴስቶስትሮን ተወግታ ነው ይላል፣ ሌላው ዕጢ ነው ይላል። በምን እንለይ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ መጨቃጨቁን ትታችሁ እንደሚከተለው ሂዱ።

ከሁሉ በፊት እርጉዝ አለመሆኗን አረጋግጡ። እንዳትስቁ፣ እርጉዝ ባዝራ ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ከፍ ይላል፣ ከጽንሱ ነው የሚመጣው፣ በዚህ ተሳስተው ኦፕሬሽን ሊያደርጉ የተዘጋጁ ሰዎች አውቃለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ኦቫሪ በአልትራሳውንድ እዩ። አንዱ በጣም ትልቅ ሆኖ ስክሪኑ ላይ የማር እንጀራ ከመሰለ፣ ሌላው ደግሞ ትንሽዬ ጠንካራ ከሆነ ግራኑሎሳ ሴል ዕጢ የሚባለው የኦቫሪ ዕጢ መሆኑን ጠርጥሩ። የሁለተኛው ማነስ ነው ለእኔ ትልቁ ምልክት። ዕጢው ኢንሂቢን ያመርታል፣ ኢንሂቢን ኤፍኤስኤችን ያፍነዋል፣ ጤነኛው ኦቫሪ ኤፍኤስኤች ሲያጣ ተኝቶ ይቀራል። ደም ላኩና ኤኤምኤች (ይሄም ከኦቫሪ የሚወጣ ሆርሞን ነው)፣ ኢንሂቢን እና ቴስቶስትሮን ይለካ። ቴስቶስትሮን ብቻ ለክታችሁ ደህና ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ከፍ የሚለው ከታመሙት ግማሽ ወይ ትንሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ነው፣ ኤኤምኤች ነው የበለጠ የሚታመነው። ዕጢው ከወጣ ሌላኛው ኦቫሪ ይነቃል፣ ግን ታገሱ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በላይ ይወስዳል።

ሁለቱም ኦቫሪ ትንሽና እኩል ከሆኑ፣ ኤኤምኤችም ደህና ከሆነ የጓደኛህ ሐሳብ ያመዝናል። ናንድሮሎን፣ ቦልዴኖን የሚባሉት ጡንቻ ገንቢ ስቴሮይዶች የቴስቶስትሮን ዘመዶች ናቸው፣ ላይኛውን ክፍል ሞልቷል አቁም ይሉታል፣ ፎሊክል አያድግም፣ ጠባዩ የድንጉላ ይሆናል፣ ቂንጥሯም ሊያድግ ይችላል። ለዚህ መርፌ የለም፣ ጊዜ ነው መድኃኒቱ። ከሰውነቷ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ የቂንጥሩ ማደግ ግን ላይመለስ ይችላል። የሻጩን ጉዳይ እኔ አልገባበትም፣ የደም ውጤቱን ግን በእጃችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ባዝራችን 30 ቀን ላይ ታይታ እርጉዝ ናት ተባልን፣ 50 ቀን ላይ ጽንሱ የለም። ድጋሚ እናስርራት ብለን ፕሮስታግላንዲን ብንወጋት ብንወጋት ደህና ድራት አልመጣም።

መልስ፦ አዝናለሁ። የጠፋባችሁ ከ35 እና 40 ቀን በኋላ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ አካባቢ የጽንሱ ሴሎች ማህፀኗ ግድግዳ ውስጥ ገብተው ትንንሽ ኩባያ የመሰሉ ነገሮች ይሠራሉ፣ እነሱ ኢሲጂ የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ፣ በ1930 ኮል እና ሃርት እርጉዝ ባዝራ ደም ውስጥ ያገኙት ነው። ባዝራዋ ላይ እንደ ኤልኤች ነው የሚሰራው፣ ተጨማሪ ኮርፐስ ሉቲየም ያስበቅላል፣ ፕሮጄስትሮን ይጨምራል። ጽንሱ ቢሞትም ኩባያዎቹ አይሞቱም፣ እስከ 120 ቀን አካባቢ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እናንተ አንዱን ፍሬን በፕሮስታግላንዲን ስትፈቱ ኩባያዎቹ ሌላ ይሰራሉ። ገንዘባችሁን ያዙና ጠብቁ፣ ያሁኑ ወቅት ካለፈ ለሚቀጥለው በብርሃን ተዘጋጁ። ለሌላ ጊዜ ልብ የሚያሳርፍ ከሆነ ችግር ያለው እርግዝና በጊዜ እንዲታወቅ ምርመራውን ከ35ኛው ቀን በፊት ደጋግማችሁ አድርጉ፣ መንታም ከሆነ ያኔ ነው የሚቀነሰው።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ፣ ኤስትሮጅን የሴት ነው ቴስቶስትሮን የወንድ ነው አይደል? ታዲያ ድንጉላ ኤስትሮጅን አለው የሚል ነገር ሰምቼ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ ተበልተሃል፣ ክፈል። ዞንዴክ የሚባል ሳይንቲስት በ1934 የድንጉላ ሽንት በኤስትሮጅን የተሞላ መሆኑን አሳትሟል፣ በጊዜው ሰው ሁሉ የሴት ሆርሞን የሚለውን ከድንጉላ ሽንት ማግኘቱ ራሱን ዞንዴክንም ሳያስገርመው አልቀረም። የድንጉላ የዘር ፍሬ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይቀይራል፣ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ድራት ላይ ካለች ባዝራ ይበልጣል። ድንጉላው ግን ጭራውን አያነሳም፣ እሱን ለጓደኛህ ንገረው።